በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓይነት አገልግሎት፦ የአንድ የንግግርና የንባብ ሕክምና ማዕከል ግምገማ

በአዲስ አበባ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና የሚሰጡ የግል ማዕከላት ገና ጥቂት ስለሆኑ፣ አብዛኛው ቤተሰብ አማርጦ ሳይሆን ሰው የጠቆመው ዘንድ ይሄዳል። ስሙን የማልጠቅሰውን ይህን የቦሌ አካባቢ ማዕከል የማውቀው በሁለት በኩል ነው፤ አባቴ ግራው የአንጎላቸው ክፍል በስትሮክ ከተጎዳ በኋላ ንግግራቸው እንዲመለስ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ደግሞ ንባብ ስለከበደው እዚያ ሲመላለሱ ቆይተዋል። ለአዋቂዎች የሚሰጠውን ሕክምና ያለማመንታት አመሰግናለሁ። የልጆች የንባብ ክፍሉ ግን በዚህ አያያዙ የተጠየቀውን ክፍያ የሚመጥን አይደለም።

አባቴ የሚነገራቸውን ይረዳሉ፤ ቃሉ ግን አይመጣላቸውም። ውሃ ጠምቷቸው ስሙን መጥራት የሚያቅታቸው ሰው፣ ካስጀመሯቸው «አባታችን ሆይ»ን ከዳር እስከ ዳር ይደግማሉ፤ ከአንድ እስከ ዐሥርም ሳይሳሳቱ ይቆጥራሉ። ይህ ለቤተሰብ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። ባለሙያዋ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ አስቀምጣ እንዳስረዳችን፣ በልማድ የተሸመደደ ንግግር ታስቦ ከሚመረጥ ቃል የተለየ በመሆኑ፣ አፌዝያ በተባለው በዚህ ችግር በተያዙ ሰዎች ዘንድ ሳይነካ መቅረቱ የታወቀ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሰጥቶ ለቤተሰብ የሚያስረዳ ባለሙያ በሌላ የሕክምና ቦታ እምብዛም አላጋጠመኝም።

በጠረጴዛዋ ላይ ከሥዕል ካርድ ይልቅ ሲኒ፣ ጀበና፣ ቁልፍና መቁጠሪያ ይደረደራል። ጀበናውን አንሥታ «ጋሼ፣ ይሄ ምን ይሠራበታል? የት ይቀመጣል? ከምን ጋር ይቀርባል?» እያለች በቃሉ ዙሪያ ያለውን ሁሉ ትቀሰቅሳለች፤ አሁንም እምቢ ሲል «ጀ...» ብላ ትጀምርና ዝም ትላለች፤ ብዙውን ጊዜም ቃሉ ያን ጊዜ ይወጣል። በዚያም አታበቃም፤ ቤት ሲደርሱ የሚያስፈልጋቸው ነጠላ ስም ሳይሆን ጥያቄ ነውና «ጀበናውን አምጪ» ወደሚለው ታሸጋግራቸዋለች። ሐረጉን በዜማ እያሉ በግራ እጅ ጠረጴዛውን ቀስ አድርጎ መምታት የሚባለውንም ዘዴ ትሠራበታለች፤ ዘዴው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተነደፈ ሲሆን በተለይ የመረዳት ችሎታቸው ብዙ ላልተጎዳባቸው ሕሙማን የታሰበ ነው። ውሃ ሲጠጡ ያስላቸው እንደሆነ ጠይቃ አዋዋጣቸውንም መርምራለች። ከስትሮክ በኋላ የሚጠጣው ወደ ሳንባ ሊገባ እንደሚችልና ይህን መከታተልም የዚሁ ሙያ አካል እንደሆነ፣ ተኝተው በታከሙበት ሆስፒታል የነገረን ሰው አልነበረም።

ወደ ልጄ ስመጣ፣ ምርመራው ከመነሻው የተንሻፈፈ ነበር። በቤትም በትምህርት ቤትም አማርኛ ሲናገር ለሚውል ልጅ የቀረበለት የንባብ መለኪያ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በዚያው ላይ ተመሥርቶ ዲስሌክሲያ (ማንበብን የሚያከብድ የመማር ችግር) እንዳለበት ተጻፈለት። ሊኖርበት ይችላል፤ በማያውቀው ቋንቋ ተፈትኖ ግን ሊታወቅ አይችልም። የእርሱ ችግር የሚታየው ፊደል ገበታው ላይ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ልጁ «በ ቡ ቢ» እያለ በተራ ሲወርድ አንዱንም አይስትም፤ ከተራው ተነጥሎ ሲያየው ግን ይጠፋዋል። በ«ቡ»ና በ«ቢ» መካከል ያለው ልዩነት ቅጥሏ ከፊደሉ ወገብ ወይም ከእግሩ ሥር መውጣቷ ብቻ ስለሆነ «ቡና»ን «ቢና» ብሎ ያነባል። ኃምሱ በቀለበቱ ይታወቃል፤ ሳድሱ ግን ወጥ ምልክት ስለሌለው እያንዳንዱን ለየብቻ መያዝ ግድ ነው። ይህን ሁሉ ከተወጣም በኋላ መጥበቅና መላላት በጽሕፈት ስለማይታይ፣ «ገና» ሲል በዓሉን ይሁን ጊዜውን የሚያውቀው ዐረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ነው፤ ፊደል እየለቀመ የሚያነብ ልጅ ደግሞ መጨረሻው ጋ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል።

ማዕከሉ ለእነዚህ ለአንዳቸውም የተዘጋጀ መልመጃ የለውም። የሚሰጠው ከውጭ የመጣ መጽሐፍ ቅጂ ነው፤ ከሥዕሎቹ አንዱ የበረዶ ሰው ነበርና ልጄ ምንነቱን ጠይቆኛል። በፊደላችን ላይ የተመሠረተ ማስተማሪያ መቅረጽ እንግዳ ነገር ቢሆን ኖሮ ባልተቸሁ፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለ የራሳቸውን ዘዴ አዘጋጅተው ሠርተውበታል። የሚገርመው ይኸው የቦሌው ማዕከል በድምፅ አወጣጥ በኩል ለቋንቋችን በሚስማማ መንገድ መሥራትን የሚያውቅ መሆኑ ነው፤ «ጠ»ን «ተ» የምትል ሕፃን እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ልዩነቱን በመዳሰስ ስትለማመድ አይቻለሁ። ያ ብልሃት ወደ ንባብ ክፍሉ ለምን እንዳልተሻገረ አልገባኝም።

ይህን ያየሁት፣ ልብ በሉ፣ ከመጠበቂያው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። በሮቹ ገርበብ ብለው ይተዋሉ፤ ቢዘጉም ግድግዳው ድምፅ ያሳልፋል። ለሕፃናት ምንም ላይመስል ይችላል፤ አባቴ ግን ውጭ ሰው መቀመጡን ካወቁ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የሚንተባተብ ጎልማሳም በዚህ ሁኔታ በነፃነት ሊለማመድ አይችልም።

ክፍያው በወር ቀድሞ የሚፈጸም ሲሆን፣ ከአንድ ቀን በፊት ያልተሰረዘ ቀጠሮ ገንዘቡ አይመለስም። ከትምህርት ቤት በኋላ ያሉት ሰዓታት ቶሎ ስለሚያዙ ልጅ ያለው ሰው አስቀድሞ መደወል ይኖርበታል። ከስትሮክ በኋላ ንግግሩ የተጎዳ ሰው ያለው ወይም ልጁ ድምፅ የሚያምታታበት ቤተሰብ ቢሄድ አይቆጭም። ለንባብ ችግር የሚሄድ ግን ወሩን ከመክፈሉ በፊት ምርመራው በአማርኛ መደረግ አለመደረጉን ይጠይቅ፣ መልመጃዎቹንም ገልጦ ይመልከት። እኔ የአባቴን ቀጠሮ ቀጥያለሁ፤ የልጄን አቋርጫለሁ።