ለጫጉላ ሽርሽር ዛንዚባር ይሻላል ወይስ ሲሼልስ?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ሁለቱም ይበራል፤ ሁለቱም የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ናቸው፤ ፎቷቸውም ይመሳሰላል። ብዙ ሙሽሮች የሚመርጡት ፎቶ አይተው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የሰርጋችሁን ወር እዩ እላለሁ።

በጥር የምትጋቡ ከሆነ ወደ ዛንዚባር ሂዱ። ሙቀቱ ይበረታል፤ ሰማዩ ግን ባብዛኛው ጥርት ያለ ነው። በዚያው ወር ሲሼልስ ዋናው ዝናቧ ላይ ናት። ከፋሲካ በኋላ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ዛንዚባር ላይ «ማሲካ» የሚሉት ከባድ ዝናብ እስከ ግንቦት ይዘልቃል፤ በሩን የሚዘጋ ሆቴልም አለ። ሲሼልስ በሚያዝያ ነፋሱ ይረግባትና የባሕሩ ወለል ድረስ ይታያል። ክረምቱን የሚጓዝ ሰው ደረቅና ነፋሻ አየር የሚያገኘው ዛንዚባር ነው፤ ሲሼልስ ያኔ ማዕበል ይበዛባታል።

በባሕር ዳርቻ ውበት ሲሼልስ ትበልጣለች። ላ ዲግ ደሴት ላይ ያለው አንስ ሱርስ ዳርዣን፣ ግዙፍና ለስላሳ የግራናይት ቋጥኞች በነጭ አሸዋ ላይ የተደረደሩበት ቦታ፣ አምሳያ የለውም። ፕራስሊን ደሴት ላይ ደግሞ በዓለም ትልቁን ዘር የሚያፈራው የኮኮ ደ ሜር ዘንባባ ደን አለ። ዋጋው ግን ይከብዳል። የሚበላው አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ከዋናው ደሴት ከማሄ ወደ ሌሎቹ ደሴቶች ለመሻገር የጀልባ ሒሳብ ይጨመራል። ወጥ ቤት ያለው የእንግዳ ማረፊያ ተከራይቶ ራስ ማብሰል ብዙ ያድናል፤ ለጾመኛም ይመቻል።

ዛንዚባር ከርካሽ ማረፊያ እስከ ቅንጡ ሪዞርት አለ። የሆቴሉን ሰፈር ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ርቆ ይሸሻል። ያን ጊዜ የአካባቢው ሴቶች እርጥቡ አሸዋ ላይ ወርደው በእንጨት ካስማዎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የሚያለሙትን የባሕር አረም ይሰበስባሉ። ማየቱ ደስ ይላል፤ መዋኘት ግን አይቻልም። ቀኑን ሙሉ መዋኘት የሚፈልግ ሰሜኑን፣ ኑንግዊን ወይም ኬንድዋን ይያዝ።

በኮራል (ድንጋይ መሳይ ክምር በሚሠሩት የባሕር እንስሳት) በኩል የሲሼልስ ክምር እ.ኤ.አ. በ1998 በባሕሩ ሙቀት ቀለሙን አጥቶ ክፉኛ ነጥቷል፤ ያገገመ ቦታ ቢኖርም እኩል አይደለም። ዛንዚባር ውስጥ የምኔምባ ደሴት ዙሪያ ዝነኛ ነው፤ ጀልባ ስለሚበዛበት በማለዳ መድረስ ይበጃል። በጥበቃ ሥር ያለችውን የቹምቤን ደሴት ግን አብልጬ እመክራለሁ። የትም ብትጠልቁ ኮራሉን አትርገጡት፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው።

ለእኔ ሚዛኑን የሚደፋው ታሪክ ነው። ሲሼልስ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1770 እስኪሰፍሩባት ድረስ ነዋሪ አልነበራትም፤ በኋላ እንግሊዞች በዛሬዋ ጋና የነበረውን የአሻንቲ ንጉሥ ፕሬምፔን ያጋዙባት ምድር ናት። ዛንዚባር ግን ድንጋዩ ሁሉ ይናገራል። በአሮጌው ከተማ በስቶን ታውን፣ እ.ኤ.አ. በ1873 የተዘጋው የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ላይ ካቴድራል ቆሟል። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለ፤ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ የሰው ሐውልቶች ውስጡ ቆመዋል። በሱልጣኖቹ ቤት ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ሴቶችም ይኖሩ ነበርና ለእኛ ነገሩ የሩቅ ሰው ታሪክ አይደለም። ሳትቸኩሉ ግማሽ ቀን ስጡት፤ ማታ ደግሞ ፎሮዳኒ መናፈሻ ወርዳችሁ ኡሮጆ ሾርባ ቅመሱ። ከተማው የሙስሊም ከተማ ስለሆነ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ።

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ለሁለቱም ያስፈልጋል። ሲሼልስ ቪዛ ባትጠይቅም ከበረራ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። ለዛንዚባር የቪዛውን ጉዳይ እንደ ፓስፖርታችሁ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የወጣው የ44 ዶላር የግዴታ ኢንሹራንስ ለየአንዳንዱ ሰው ስለሆነ ለባልም ለሚስትም ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።