የድርጅታችንን ኢሜይል ከስፓም ላወጣችልን ባለሙያ

እጇ ይባረክ! በራሳችን ዶሜይን (ከ@ በኋላ በሚጻፈው የድርጅታችን ስም) የምንልከው ኢሜይል የደንበኞች ስፓም (የማይፈለግ ኢሜይል ሳጥን) ውስጥ እየወደቀ ስንቱን ሥራ አበላሽቶብን ነበር። አሁን ደረሰኙም የዋጋ ማቅረቢያውም ኢንቦክስ ይገባል። ይህን ያስተካከለችልንን ባለሙያ በአደባባይ ሳናመሰግን አንቀርም።

ከእሷ በፊት የተሠራብን ሥራ ያናድዳል። አንዱ "ባለሙያ ነኝ" ባይ የነበረውን የኤስፒኤፍ ሪከርድ (በዶሜይናችን ስም ኢሜይል መላክ የሚችሉትን ሰርቨሮች የሚዘረዝር ምዝገባ) እንኳ ሳያይ ሁለተኛ ጨመረበት። ለአንድ ዶሜይን የሚፈቀደው አንድ የኤስፒኤፍ ሪከርድ ብቻ ነው፤ ሁለት ሲያገኝ ተቀባዩ ሰርቨር የሚሻለውን አይመርጥም፣ ስህተት ብሎ ሁለቱንም ይተዋቸዋል። ሌላው ደግሞ ሪከርዶቹን ዶሜይኑ በተገዛበት ፓነል ላይ ሞልቶ "48 ሰዓት ጠብቁ" ብሎን ሄደ። የእኛ ኔምሰርቨሮች (የዶሜይኑን ሪከርዶች ለሚጠይቅ ሁሉ የሚመልሱት) የሚያመለክቱት ግን ወደ ሌላ ድርጅት ነበር። እዚያ የተጻፈውን ዓመት ቢጠበቅም የሚያነበው የለም! ክፍያውን ሁለቱም በጊዜው ተቀብለዋል።

እሷ ዋናውን ፓስዎርድ አልጠየቀችም። በራሷ አካውንት የተገደበ ፈቃድ ተቀብላ፣ ምንም ከመንካቷ በፊት ያሉትን ሪከርዶች በሙሉ ገልብጣ በፋይል ሰጠችን። ቲቲኤሉን (ሌሎች ሰርቨሮች ያነበቡትን ሪከርድ ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ) ከ3600 ወደ 300 ሰከንድ ካወረደች በኋላ የቀድሞው አንድ ሰዓት እስኪያልፍ ጠበቀች፤ ከዚያ በኋላ የተሳሳተ ነገር ቢኖር እርማቱ በ5 ደቂቃ ይታያል። ቀጥላ "በዶሜይናችሁ ስም ኢሜይል የሚልክ አገልግሎት ሁሉ ይዘርዘርልኝ" አለች። ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም። የምንጠቀምባቸውን በአንድ ኤስፒኤፍ አጠቃለለች፣ የተውናቸውን አወጣች። ኤስፒኤፉ ሲነበብ የሚያስፈልገው የዲኤንኤስ (የዶሜይን ሪከርዶች የሚገኙበት መዝገብ) ፍለጋ ከ10 ካለፈ ሪከርዱ በሙሉ ይከሽፋልና።

የኤምኤክስ (የሚላክልን ኢሜይል ወደየትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ የሚናገረው ሪከርድ) ነገርም ነበር፦ የድሮው ሰርቨር በቅድሚያ ቁጥር 0 ቀርቶ አዲሱ በ10 ተመዝግቧል። ትንሹ ቁጥር ስለሚቀድም የሚላክልን መልስ ሁሉ የሚሄደው ወደማንከፍተው ሳጥን ነበር። ድሮውን ሰረዘችው።

ሥራዋን ጠንቅቃ እንደምታውቅ በግልጽ የታየው ግን ዲኪም ላይ ነው፤ ዲኪም ኢሜይሉ በእርግጥ ከእኛ መምጣቱን የሚያሳይ ዲጂታል ፊርማ ነው፣ ማረጋገጫ ቁልፉም በዲኤንኤስ ይቀመጣል። ባለ 2048 ቢት ቁልፍ ረጅም ነው፤ በቴክስት ሪከርድ ውስጥ አንድ ሐረግ ከ255 ቁምፊ አይበልጥም፤ ስለዚህ ለሁለት ተከፍሎ መግባት አለበት። ፓነላችን ጭራውን በዝምታ ቆርጦት ነበር። ከምንጩ የተቀዳውንና ከዲኤንኤስ የተመለሰውን ጎን ለጎን አድርጋ የመጨረሻዎቹን ፊደላት አንድ በአንድ ስታመሳክር ነው የተገኘው። የሪከርዱ ስምም ተበላሽቶ ነበር፤ ፓነሉ የዶሜይኑን ስም ከኋላ በራሱ ስለሚጨምር ሙሉውን የጻፈ ሰው ዶሜይኑን ሁለት ጊዜ ያስገባል። ይህ ብዙዎችን የሚያለፋ ስህተት ነው።

ዲማርኩን (ማረጋገጫውን ያላለፈ ኢሜይል ምን ይደረግ የሚለውን መመሪያ) በአንድ ጊዜ አላጠበቀችውም። በ"ኖን" (ምንም አታድርጉ) ጀምራ በየቀኑ የሚመጡትን ሪፖርቶች አነበበች። የደረሰኝ መላኪያችን ኤስፒኤፍ ቢያልፍም የሚያልፈው በራሱ ዶሜይን ስም እንደሆነ የታየው እዚያ ላይ ነው። ዲማርክ ደግሞ ያለፈው ዶሜይን በላኪው አድራሻ ላይ ከሚታየው ጋር እንዲገጥም ይፈልጋል። ለዚያ አገልግሎት በእኛ ዶሜይን የተለየ ዲኪም አወጣችለት። ወደ "ኳራንቲን" (ስፓም ውስጥ ይግባ)፣ ከዚያም ወደ "ሪጀክት" (አትቀበሉት) የተሸጋገረችው ሪፖርቱ ንጹሕ ከሆነ በኋላ ነው። ጉግልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት ከሚልኩ ላኪዎች ኤስፒኤፍን፣ ዲኪምንና ዲማርክን ሦስቱንም ስለሚጠይቁ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናት ግን ለጸሐፊያችን ስላደረገችው ነው። አጠገቧ አስቀምጣ የደረሰ ኢሜይል ምንጩን (ከመልእክቱ በስተጀርባ ያለውን ሙሉ መረጃ) እንዴት እንደሚከፍቱት፣ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ሦስቱም "ፓስ" ማለታቸውን የት እንደሚያዩ በትዕግሥት አሳየቻት። ጸሐፊያችን ዛሬ ማንንም ሳትጠራ ራሷ ታረጋግጣለች። ሰው ሥራውን ደብቆ ዳግም እንዲጠራ በሚፈልግበት ዘመን እንዲህ ያለ ባለሙያ ማግኘት መታደል ነው።

ኢሜይላችሁ ስፓም እየገባ ከሆነ እሷን ያዙ፣ አትጸጸቱም። በውስጥ መስመር ጠይቁን፣ ፈቃዷን ጠይቀን አድራሻዋን እንልካለን። ከመደወላችሁ በፊት ሁለት ነገር አዘጋጁ፦ ኔምሰርቨራችሁ ያለበትን ፓነል መግቢያና በስማችሁ ኢሜይል የሚልኩ አገልግሎቶችን ዝርዝር። የድረ ገጻችሁን ፎርም እንዳትረሱ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እሱ ነው።