የባሮኑ ሕይወት በድምፅ፦ ሜዳው ሰፊ፣ እስር ቤቱ ጠባብ

የጀርመናዊውን የቴኒስ ተጫዋች የጎትፍሪድ ፎን ክራምን ሕይወት የሚተርክ የድምፅ መጽሐፍ ገዝቼ ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሳዳምጥ ቆየሁ። ቀረጻው የጠራ፣ ተራኪውም የማይቸኩል ነው። ሆኖም በማስተዋወቂያው ላይ ሰውየውን «ፕሮፌሽናል» ማለታቸው ከጅምሩ አሳስቦኝ ነበር፤ እሱ በተጫወተበት ዘመን ወደ ትልቁ የእንግሊዝ የቴኒስ ውድድር ወደ ዊምብልደን የሚገቡት ያለ ክፍያ የሚጫወቱ አማተሮች ብቻ ነበሩና።

የመጀመሪያው ምዕራፍ በዘር ቆጠራ ያደክማል። እ.ኤ.አ. በ1909 በሃኖቨር አካባቢ ከባሮን ቤተሰብ መወለዱን፣ ከሰባት ወንድማማቾችም ሦስተኛው መሆኑን ለመናገር ያን ያህል ሰዓት አያስፈልግም ነበር። በልጅነቱ ስኳር ያበላው ፈረስ የቀኝ እጁን አመልካች ጣት ጫፍ መንከሱና ራኬቱንም ዕድሜውን ሙሉ በዚያው እጅ መያዙ ግን ከትውልድ ሐረጉ ሁሉ ይልቅ ስለ ሰውየው ይናገራል።

መጽሐፉ ዋጋውን የሚያወጣው ሜዳ ላይ ሲደርስ ነው። በ1934 እና በ1936 የፈረንሳይ ሻምፒዮን የሆነው ክራም፣ ከ1935 ጀምሮ ሦስት ዓመት በተከታታይ የዊምብልደን ፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸንፏል። አገሮች በቡድን በሚወዳደሩበት በዴቪስ ካፕ፣ በ1935 በጥንድ ጨዋታ ጀርመን ከአሜሪካ ጋር ስትገጥም፣ አጣማሪው የማሸነፊያዋን ነጥብ መትቶ ካስቆጠረ በኋላ ክራም ኳሷ አስቀድማ የእሱን ራኬት እንደነካች ለዳኛው በራሱ አንደበት ተናገረ፤ ጨዋታውም ከእጃቸው ወጣ። ተራኪው ይህን ያለ አንዳች ማጋነን ነው የነገረን። በሐምሌ 1937 አሜሪካዊውን ዶን በጅን የገጠመበት የዴቪስ ካፕ ግጥሚያም እንዲሁ በሚገባ ቀርቧል፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች አሸንፎ፣ በአምስተኛውም 4 ለ 1 ከመራ በኋላ 8 ለ 6 ሲረታ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ከጨዋታው በፊት ሂትለር ስልክ ደወለለት የሚለውን ያልተረጋገጠ ወሬ እንደ እርግጥ ታሪክ ማስገባታቸው ግን አላስደሰተኝም፤ ግጥሚያው ያለ እሱም በቂ ነበር።

ትልቁ ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ክራም የናዚ ፓርቲ አባል ለመሆን አልፈቀደም። በመጋቢት 1938 ማናሴ ሄርብስት ከተባለ አይሁዳዊ ተዋናይ ጋር በነበረው ግንኙነት ተይዞ፣ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በሚቀጣው አንቀጽ 175 አንድ ዓመት ተፈረደበትና ግማሽ ያህሉን ታሰረ። የሕይወቱ መታጠፊያ የሆነውን ይህን ጉዳይ መጽሐፉ ሻይ እስኪፈላ በማይሞላ ጊዜ ያልፈዋል። ከሚሊየነሯ ባርባራ ሃተን ጋር በ1955 የፈጸመው አጭር ጋብቻ በአንጻሩ ሙሉ ምዕራፍ ተሰጥቶታል። በ1939 ለንደን ውስጥ በኩዊንስ ክለብ አሜሪካዊውን ተጫዋች ቦቢ ሪግስን 6 ለ 0 እና 6 ለ 1 መርታቱ፣ ሪግስም ሳምንታት ቆይቶ ክራም ያልተሰለፈበትን ዊምብልደን ማሸነፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተነግሯል፤ እኔ ያን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት።

ለግጥሚያዎቹ ሲባል ለቴኒስ ወዳጅ እመክረዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ግን ዝለሉት።