የእርጥበት መምጠጫ ማሽን በደሴ፦ ከሰኔ እስከ ጥር ተጠቅሜበት ያየሁት

ደሴ ላይ ለኖረ ሰው ስለ ቤት እርጥበት መንገር አያስፈልግም። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሲተኛ የታጠበ ልብስ እየዋለ እያደረ አይደርቅም፤ ቁም ሳጥን ውስጥ የታጠፈ ጋቢ ይሻግታል። እናቴ አስም አለባት። የአልጋዋ ራስጌ ያለበት የግድግዳ ጥግ በየክረምቱ ጥቁር ሻጋታ ያወጣል፤ ቀለም ብንቀባው ከሥሩ ተመልሶ ይመጣል። ማሽኑን የገዛሁት ለእሷ ብዬ ነው፤ ክረምቱን አሳልፌ የበጋውንም ብርድ ስላየሁበት አሁን በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ። ለደሴ ክረምት ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። ለበጋው ብርድ ግን አያስፈልግም።

ማሽኑ እንደ ፍሪጅ በኮምፕሬሰር የሚሠራ ነው። የክፍሉን አየር ስቦ በቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ሲያሳልፈው እርጥበቱ ውሃ ሆኖ ባልዲው ውስጥ ይንጠባጠባል። ካርቶኑ ላይ «በቀን 12 ሊትር» ይላል። ገዢዎች ይህን ቁጥር እንዳለ ባይቀበሉት ጥሩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በ30 ዲግሪ ሙቀትና በ80 በመቶ እርጥበት ነው፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ውስጥ በሐምሌ እንዲህ የሚሞቅ ክፍል ከየት ይመጣል? ክፍሉ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቱቦው ላይ በረዶ ይጋገራል፤ ማሽኑም በረዶውን እስኪያቀልጥ ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ ሌሊት አናስነሳውም። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞቅ ሲል አስነስተን እስከ መኝታ ሰዓት እናቆየዋለን። ድምፁም እንደ አሮጌ ፍሪጅ ስለሆነ እናቴ ከመተኛቷ በፊት መጥፋቱ ይሻላል።

ትልቁን ጥቅም ያየሁት በልብስ ላይ ነው። ትንሿ ክፍል ውስጥ ገመድ ወጥረን ልብሱን ሰጥተን፣ በርና መስኮቱን ዘግተን ማሽኑን ከሥሩ እናስቀምጣለን። ማታ ባልዲውን ስናወጣው በሁለት እጅ ካልያዙት የሚፈስ ያህል ሞልቶ ይገኛል። ያ ውሃ ቀድሞ የመስኮቱ መስታወት ላይ እየወረደ በብረት ፍሬሙ ጠርዝ ይጠራቀም፣ ስቱኮውን እየሰነጠቀ ብረቱን ያዝገው ነበር። ውሃው የሚጠጣ አይደለም፤ እኛ ወለል እናጥብበታለን። የራስጌው ጥግ ላይ የነበረውን ሻጋታ ጠርገን፣ አልጋውንም ቁም ሳጥኑንም አየር በኋላቸው እንዲያልፍ ከግድግዳው ትንሽ አራቅናቸው። ክረምቱ እስኪያልቅ ጥግ ላይ አዲስ ጥቁር ነገር አልወጣም።

ከማሽኑ ጋር አብራችሁ አንዲት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ግዙ። ለእኔ ከማሽኑ ባልተናነሰ ጠቅማኛለች። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ከ65 በመቶ ተነስታ 85 ስትገባ አይቻለሁ፤ አክምባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት መኝታ ቤት ድረስ ይሄዳል። አሁን ምጣዱ ሲጣድ የወጥ ቤቱን መስኮት ከፍተን ወደ ውስጥ የሚያስገባውን በር እንዘጋለን። ቡታጋዝም እንደዚያው ነው፤ አንድ ኪሎ ጋዝ ሲነድ ከአንድ ኪሎ ተኩል ያላነሰ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል።

በጋው ሌላ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ መስታወቱ ከክረምቱም ብሶ ያልበዋል። 20 ዲግሪ ሙቀትና 70 በመቶ እርጥበት ያለው የክፍል አየር 14 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ የሌሊት መስታወት ደግሞ ከዚያ በጣም ይቀዘቅዛል። ግን በጋ የውጭው አየር ደረቅ ነው። እኩለ ቀን ላይ መስኮቶቹን ፊት ለፊት ለጥቂት ደቂቃ መክፈት ማሽኑ በብዙ ሰዓት የሚሠራውን በነፃ ይሠራል። ከጥቅምት ወዲህ ማሽኑን ሸፍነን አስቀምጠነዋል። በዚህ ወቅት ከሁሉ በላይ የምለምነው፣ ብርድ ነው ብላችሁ ሁሉን ዘግታችሁ የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት እንዳታስገቡ ነው። ጭስ ባይታይም፣ ሽታ ባይኖርም መርዙ ይገድላል።

የመኪና መስታወትም ያልበዋል። መኪና ላይ ግን ማሽን የለም፤ የሲሊካ ጄል ከረጢት ነው የተጠቀምኩት፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኘው ዓይነት ፍሬ። ሌሊት ለቆመ መኪና በመጠኑ ይረዳል። ፍሬው እርጥበት ጠጥቶ ሲሞላ ግን በሙቀት ካልደረቀ አይሠራም፤ ፀሐይ ላይ ማስጣቱ ብቻ አይበቃውም። ማታ ከኮምቦልቻ ስንመለስ ለሚመጣው የመስታወት ላብ ደግሞ ፋይዳ የለውም። መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚወጣ አየሩ 4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ መንገዱ ላይ ካለው ሐረጎ ስንደርስ የተሳፋሪው ሁሉ ትንፋሽ በፊት መስታወቱ ላይ ነው። መፍትሔው ኤሲውን ከማሞቂያው ጋር አብሮ ማብራትና የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ አጥፍቶ የውጭ አየር ማስገባት ነው። ኤሲ አየር ያደርቃል፣ ብርድ ቢሆንም አብሩት። በእጅ መጥረግ ቅባት ይተዋል፤ የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት ጭራሽ አያሳይም።

ለኮምቦልቻ ዘመዶቼ ማሽኑን አልመክርም፤ አየሩ ሞቃት ስለሆነ መስኮት ከፍቶ ማናፈስ ይበቃቸዋል። ደሴ ላይ የምትገዙ ካላችሁ ሱቁ ውስጥ ማሽኑ እየሠራ ሶኬቱን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፤ ራሱ ይነሳ እንደሆነ እዩ። የእኔው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራሱ አይነሳም፤ ቁልፉን የሚጫን ሰው ከሌለ እርጥቡ ልብስ ተዘግቶበት ያድራል። የቱቦ መውጫ ያለው ከሆነ ውሃውን በቀጥታ ወደ ፍሳሹ መልቀቅ ይቻላል። ማጣሪያው ያለመፍቻ የሚወጣ መሆኑንም እዩ፤ አቧራ ቶሎ ስለሚይዝ ደጋግሞ መታጠብ አለበት።