«በልክ እንሠራለን» ብለው የሸጡልኝ የማርሚታ ቡሎን ቴስታታዬን በላው

ሞተረኞች፣ በተለይ ማርሚታ ለመቀየር ብር እያጠራቀማችሁ ያላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም ቀብድ እንዳትከፍሉ። እኔ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ያለችኝ አፓቼ ናት። ዕቃ አደርስባታለሁ፣ እንጀራዬ ናት። የፋብሪካው ማርሚታ ከሥር ዝጎ ሲበሳ በስፖርት ማርሚታ ልቀይረው ወሰንኩ። በማርሚታው ቅሬታ የለኝም። ችግሩ የመጣው ሲገጠም ነው። አዲሱ ወፈር ስለሚል የኋላውን ሹካ ይነካል። ስለዚህ ከኋላ መያዣው ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚያርቅ ስፔሰር የሚባል አጭር ቱቦና በዚያው ልክ የረዘመ ቡሎን ያስፈልገኝ ነበር። ከፊት ደግሞ የአንገቱ ላሜራ ወፍራም ስለሆነ የሞተሩ የላይኛው የአሉሚኒየም ክፍል በሆነው ቴስታታ ላይ የሚገቡት ሁለቱ ስታዶች፣ ማለትም ጭንቅላት የሌላቸውና በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያላቸው ቡሎኖች፣ መርዘም ነበረባቸው።

ቴሌግራም ላይ «ለማንኛውም ሞተር፣ በልክ፣ ንጹሕ ስቴንለስ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ደወልኩ። ሰውየው የሞተሩን ዓይነት ብቻ ጠየቀኝ። «አሮጌውን ቡሎን ፈትቼ ላምጣልህ?» ስለው «አያስፈልግም ወንድሜ፣ ሁሌ የምንሠራው ነው» አለኝ። መንቃት የነበረብኝ እዚህ ጋ ነበር። ልክ ያልወሰደ ሰው በልክ ሊሠራ አይችልም። 4,500 ብር ብሎ ተከራክረን በ3,800 ተስማማን፣ ግማሹን በባንክ አስገባሁለት። ደረሰኝ ስጠይቀው «ሲያልቅ» አለ። ሲያልቅም አልሰጠኝም።

ዕቃው ሲመጣ ያብለጨልጫል። የቡሎኑ ጭንቅላት ላይ 8.8 ተመትቶበታል። ደስ ብሎኝ ቀሪውን ከፈልኩ።

መካኒኬ የመጀመሪያውን ስታድ በጣቱ ሦስት ዙር ያህል አስገባው፣ ከዚያ አልሄድ አለ። ሻጩ ጋ ስንደውል «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ዘይት ቀብታችሁ በቁልፍ አጥብቁት» አለን። አጠበቅነው። ትንሽ ታገለና በድንገት ላላ፣ ቁልፉ ያለምንም ኃይል መዞር ጀመረ። ስናወጣው ስታዱ ጥርስ ላይ የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ እንደ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞ ወጣ። የቴስታታዬ ጥርስ ነበር።

ነገሩ የገባኝ አንድ የቆዩ የቶርኖ ባለሙያ ጋ ስወስደው ነው። አባባ መነጽራቸውን አጥልቀው የጥርስ መለኪያቸውን አስጠጉና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ኢንች ነው» አሉኝ። የሞተሬ ቀዳዳ ኤም 8፣ ማለትም 8 ሚሊ ሜትር ለሚወፍር ቡሎን የተሠራ ሲሆን ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። የሠሩልኝ ግን 5/16 ኢንች ነው። ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን ከ8 አይለይም፣ በካሊፐር የለካውም ሰው «ትንሽ ተበልቷል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ጥርሱ ግን በአንድ ኢንች ውስጥ 18 ነው፣ ማለትም በ1.41 ሚሊ ሜትር ርቀት። በየዙሩ 0.16 እየተዛነፈ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። የጠበቀው ለዚህ ነው። በጣት ገብቶ ከዚያ የሚጠብቅ ስታድ ከገጠማችሁ ወዲያው አቁሙ። አሉሚኒየም ብረትን አይችለውም፣ ሁሌም የሚበላው ቴስታታው ነው።

«ንጹሕ ስቴንለስ» የተባለውም ውሸት ነበር። 8.8 የተራ ጠንካራ ብረት ምልክት ነው። ስቴንለስ ቡሎን ላይ የሚጻፈው እንደ ኤ2-70 ወይም ኤ4-80 ያለ ነው። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ ዕቃውን ከፌስታሉ ሳላወጣ እመልሰው ነበር። አባባ ማግኔት አስጠጉበት፣ ልክ እንደ ሚስማር ዘሎ ተጣበቀ። ስቴንለስ ቡሎን ማግኔት ትንሽ ሊስበው ይችላል፣ እንደዚያ ግን አይጣበቅም። ስታዱን በሞረድ ፋቅ ሲያደርጉት ከላይ ያለው ቅብ ተነሣና ከሥሩ ለስላሳ ብረት ታየ።

ቀዳዳው ተሰፍቶ የሽቦ ጥርስ ገባለትና ፊቱ ዳነ። እኔ ግን የኋላውን ስፔሰር «ቱቦ ምን ይሆናል» ብዬ ያንኑ ገጠምኩት። በዚህ እስካሁን ይቆጨኛል። በሁለት ሳምንቱ ከሳሪስ ስመለስ ቡሎኑ ተበጥሶ ማርሚታው በአንገቱ ብቻ ተንጠለጠለ። ቀስ ብዬ እየነዳሁ ስለነበር እግዚአብሔር አተረፈኝ። ከኋላዬ መኪና ነበር። በኋላ ስናየው ስፔሰሩ ከውሃ ቧንቧ በሰጌቶ የተቆረጠ ነው። መስታወት ላይ ስናቆመው ይወላገዳል። አፉ ቀጥ ያላለ ስፔሰር ሲጠብቅ ቡሎኑን ያጎብጠዋል፣ ከዚያ በየጉድጓዱ እያወዛወዘ ይሰብረዋል። በዚያ ላይ ከመያዣው ጎማ ውስጥ የነበረችውን የፋብሪካውን ትንሽ የብረት ቱቦ አውጥተን ጥለናት ነበር። ያቺ ከሌለች ስታጠብቁ ጎማው ይጨፈለቅና ንዝረቱ በሙሉ ቡሎኑ ላይ ያርፋል። ቧንቧን እንዲህ ላለ ሥራ የሚበይድ ካያችሁም ራቁ፣ የዚንክ ቅቡ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሰው ያሳምማል።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ቡሎን አላሠራም፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ምልክቱን አይቼ በርዝመት መርጬ እገዛለሁ። የፋብሪካ ጥርስ ተጨፍልቆ የወጣ ስለሆነ በቶርኖ ከተቆረጠው ይጠነክራል። የማሠራው ስፔሰሩን ብቻ ነው፣ እሱንም ከድፍን ብረት፣ ሁለቱም አፉ ቶርኖው ላይ እንዲስተካከል ተነጋግሬ። ቡሎኑ የሚረዝመው በስፔሰሩ ልክ ነው። አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባው ጥርስ ለኤም 8 ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ስቴንለስ ከሆነ የመዳብ ግራሶ እቀባዋለሁ፣ አለዚያ ሙቀት ላይ ተጣብቆ አይፈታም። ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ደግሞ የሞተሬን አሮጌ ዳዶ በአዲሱ ቡሎን ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ አዞረዋለሁ። ይህች ብቻ እኔን ታድነኝ ነበር። ደቂቃ አትፈጅም፣ ብርም አትጠይቅም።

ሻጩ ጋ ሄጄ ነበር። «መካኒክህ ነው ያበላሸው» አለኝ፣ ደረሰኝ ስለሌለኝም የገዛሁት ከሱ መሆኑን ካደ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የማስቀየር ወይም ገንዘብ የማስመለስ መብት ይሰጠናል፣ ነጋዴውም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። እኔ በእጄ ያለው የባንክ ማስተላለፊያና የቴሌግራም መልእክት ነው፣ ሁለቱንም ይዤ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቻለሁ። እናንተ ግን ደረሰኙን ቀብድ ስትሰጡ ተቀበሉ፣ «ሲያልቅ» የሚባለውን አትስሙ።

ትናንት ማታ ያው ማስታወቂያ ከነፎቶው እንደገና ተለጥፎ አየሁት። ዋጋው 4,900 ሆኗል። ከሥሩ አንድ ልጅ «ለቦክሰር ይሆናል?» ብሎ ጠይቋል፣ «አዎ ወንድሜ፣ ሁሌ የምንሠራው ነው» ብለው መልሰውለታል።