«የትም ይሠራል» የተባለለት የጋዝ ምድጃ፣ ባሌ ተራራ ላይ

ጣሳውን ወዝወዝ ሲያደርጉት ጋዙ ውስጡ ይንቦጫረቃል፤ ገና ግማሽ ያህል አለው ማለት ነው። ነበልባሉ ግን ከሻማ አይሻልም። የጣሳው ሆድ አመዳይ ለብሷል፣ ለልጆች የተጣደው አጥሚት ለብ ከማለት አላለፈም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ባሌ ውስጥ ዲንሾ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይህ ምድጃ የሚያሳየው ጠባይ ይኸው ነው። ለወራት የተጠቀምኩበት ዕቃ ስለሆነ ደህና ነገርም አለው፤ ይህን ሳልተነፍስ ግን ሌላውን ለማውራት አንደበቴ አይፈታም።

ዕቃውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በፕላስቲክ ሻንጣ የሚሸጥ፣ ጠፍጣፋ፣ አንድ ድስት ብቻ የሚጣድበት፣ ጎኑ ላይ የፍሊት ዕቃ የሚያክል የጋዝ ጣሳ አግድም ተኝቶ የሚገባበት ነው። ጣሳው 220 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ምድጃው በሙሉ ኃይሉ ሲነድ በሰዓት 150 ግራም ያህል ስለሚበላ አንዱ ጣሳ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ሻጩም የሚያሰላላችሁ እንዲህ ነው፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ልክ ነው። ነገር ግን በሞጆና በዝዋይ አድርጎ ላንጋኖ አድሮ፣ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ ወደ ዲንሾና ጎባ የሚወጣ ቤተሰብ በአንድ ጉዞ ከ1,600 ሜትር ገደማ ተነስቶ የባሌ ከፍተኛ ሜዳ በሆነው ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ስሌቱ የሚፋለሰው እዚያ ነው።

ጣሳው ውስጥ ያለው በአብዛኛው ቡቴን የሚባል ጋዝ ነው። ቡቴን የሚቀመጠው ፈሳሽ ሆኖ፣ የሚነደው ደግሞ ተንኖ ሲወጣ ነው። በባሕር ወለል ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ከደረሰ ከጣሳው ገፍቶ የሚወጣበት ግፊት አይኖረውም። እዚህ ላይ ሻጩ «ታዲያ ጥፋቱ የከፍታው ነው፣ የኔ አይደለም» ብሎ ሊያመልጥ ይሞክራል። አያመልጥም! ከፍታውማ ቡቴንን ያግዘዋል፤ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይም እንኳ መውጣት ይችላል። ጥፋቱ ያለው ምድጃው ጣሳውን በሚይዝበት አያያዝ ላይ ነው።

ጋዙ በተነነ ቁጥር ሙቀት የሚወስደው ከራሱ ጣሳ ነው። በሙሉ ነበልባል ከነደደና ከውጭ ምንም የሚያሞቀው ከሌለ ጣሳው በየደቂቃው ከአንድ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ላንጋኖ ዳር በ28 ዲግሪ የጀመረ ጣሳ ቢቀዘቅዝም አየሩ መልሶ ይደግፈዋል። ዲንሾ ላይ በ2 ዲግሪ የጀመረው ግን ከየት ያመጣል? ነበልባሉ ከአፍታ በኋላ እየሟሸሸ ይሄድና ጣሳው «አለቀ» ተብሎ ይጣላል፣ የተከፈለበት ጋዝ ግማሹ ውስጡ እንዳለ። ያው ጣሳ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ አዲስ ይነዳል።

የሚያበግነኝ ደግሞ መድኃኒቱ የታወቀ መሆኑ ነው። ደህና የተሠሩት ምድጃዎች ከነበልባሉ አጠገብ ተነስታ እስከ ጣሳው ሥር የምትዘረጋ ስስ የብረት ሳህን አለቻቸው። ከእሳቱ ጥቂት ሙቀት ወስዳ ጣሳውን ለብ ታደርገዋለች፤ ሥራዋ ይኸው ብቻ ነው፣ ልዩነቷ ግን ሰማይና ምድር ነው። የኔው ምድጃ የለችውም። ከውጭ ሲታዩ ሳህኗ ያለችውና የሌለችው አይለዩም፤ የሚለዩት የጣሳውን ክፍል ክዳን ከፍቶ ላየ ሰው ነው። «የትም ይሠራል» የሚለው ሰውዬ ደግሞ ሻንጣውን እንጂ ያን ክዳን አይከፍትም።

ሳህኗ ከሌለች ጣሳውን ማሞቅ የባለቤቱ ሥራ ይሆናል። ጣሳው ማታ ፖርቶ መጋላ ላይ ወይም መኪናው ኋላ ካደረ ጠዋት ተስፋ አታድርጉበት። ከምድጃው ነቅላችሁ፣ ክዳኑን ደፍታችሁ፣ በወፍራም ካልሲ ጠቅልላችሁ ብርድ ልብስ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ሁለት ጣሳ አዘጋጁ፤ አንዱ ሲነድ ሌላው ጃኬት ውስጥ ይሙቅ፣ የመጀመሪያው ሲደክም እሳቱን አጥፍታችሁ ቀያይሩ። ሌላው ዘዴ ለብ ያለ ውሃ ነው። 30 ዲግሪ ያህል፣ ማለትም የሕፃን ገላ የሚታጠብበት ዓይነት ውሃ ውስጥ ጣሳውን ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ፣ በጨርቅ አድርቆ መግጠም። ከማታ ጀምሮ በፔርሙዝ የተቀመጠ ሙቅ ውሃ በቀዝቃዛ ከተበረዘ ለዚህ ይበቃል። የፈላ ውሃ፣ ፍም፣ የመኪና ጭስ ማውጫ በፍጹም አይሞከርም። ጣሳው ላይ «ከ50 ዲግሪ በላይ አታሙቁ» ተብሎ የተጻፈው ስለሚፈነዳ ነው።

አገጣጠሙም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጣሳው አፍ ዙሪያ ላይ ያለችው ስንጥቅ ወደ ላይ ሆና ከምድጃው ጥርስ ጋር መግጠም አለባት። ዞራ ከገባች በተነነው ጋዝ ፈንታ ፈሳሹ ራሱ ይወጣል፤ ያኔ ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ማቀጣጠያው ደግሞ ሳነቴ ላይ ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ ብዙ ጊዜ አይለኩስም፣ ስለዚህ ክብሪት በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ግድ ነው። ንፋስ ሲኖር ድስቱን በሦስት ወገን መከለል ይቻላል፣ ጣሳው ያለበት ጎን ግን ክፍት ይሁን። ትልቅ ምጣድ ወይም ጣሳው ክፍል ድረስ የሚሰፋ ብረት ድስት አትጣዱበት፤ ሙቀቱ ተመልሶ ጣሳው ላይ ያርፋል፣ ብርዱን ስትሸሹ ፍንዳታ ትጠራላችሁ። ድንኳን ወይም መኪና ውስጥ ደግሞ አይለኮስም። ልጆቹ በረዳቸው ተብሎም ቢሆን አይለኮስም! የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ያስተኛል፣ ይገድላል።

ምግቡን በተመለከተ ምድጃውን የማልወቅስበት ነገር አለ። ውሃ ላንጋኖ ላይ በ95፣ አዲስ አበባ በ92፣ ዲንሾ በ90፣ ሳነቴ ላይ ደግሞ በ86 እና 87 ዲግሪ መካከል ይፈላል። ነበልባሉን ማጋም ውሃውን ቶሎ ያተናል እንጂ ከዚያ በላይ አያሞቀውም። ምስር ክክ ሳነቴ ላይ የሚቀቅል ሰው ጋዝም ትዕግሥትም ይጨርሳል፤ ባቄላማ አይታሰብ። ማካሮኒም ጊዜውን ያራዝማል፣ ዳር ዳሩ ለስልሶ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። የሚያዋጣው ሽሮ ነው፣ ቀድሞ የተቆላ ዱቄት ስለሆነ ቶሎ ይበስላል። ከሱም የሚቀለው ድርቆሽ ፍርፍር ነው፤ ቁሌቱን ቤት ሠርቶ በዕቃ ይዞ መሄድና እዚያ ማሞቅ ብቻ። በሶ ደግሞ እሳት የሚባል ነገር ሳይነካ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ከዚህ ምድጃ ጋር ባሌ የሚወጣ ሰው አንድ ኪሎ በሶ በመጠባበቂያነት ቢይዝ አይከፋውም።

ሐይቅ ዳር ሲሆን ሌላ ዕቃ ነው። ዝዋይ የተገዛ ቆሮሶ በደንብ ተጠርጎ፣ ጎኑ ተተልትሎ፣ ዘይቱ ሲግል ይገባል፤ የዘይት ግለት እንደ ውሃ መፍላት በከፍታ አይገታም፣ ስለዚህ ዓሣው ቤት እንደሚጠበሰው ይጠበሳል። እሳቱ ይታዘዛል፣ ጥቀርሻ የለውም፣ ሲያበቃ በጥቂት ደቂቃ ቀዝቅዞ ወደ ሻንጣው ይገባል። በዚህ ቅሬታ የለኝም፣ የማወራውም የለም። የሐይቁ አደጋ ሌላ ነው፦ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ትርፍ ጣሳዎችን ዋና ሲኬድ ዳሽቦርድ ላይ ወይም የኋላ መስታወት ሥር የሚተው ሰው አለ። ጥላ ሥር፣ ከመኪናው ውጭ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጡ።

«ታዲያ ለምን አትሸጠውም?» የሚል ካለ፣ ምን ልተካበት? ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ቆርጦ ማንደድ ክልክል ነው፣ ደግም ነው የተከለከለው፤ ቀይ ቀበሮው የሚኖርበት ምድር ለአንድ ብረት ድስት ሻይ አይራቆትም። ከሰል ተሸክሞ መሄድ ይቻላል፣ እስኪቀጣጠል ግን ልጆቹ በብርድ ያልቃሉ። ላምባው ብርዱን ይችላል፣ መኪናው ውስጥ አንዴ ከፈሰሰ ግን ሽታው እስከ አዲስ አበባ አይለቅም። ስለዚህ ይዤው እወጣለሁ፣ ስወጣም ሻጩን እየረገምኩ ነው።

አዲስ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት የጣሳውን ክፍል ክዳን ያስከፍት፤ በጣት ገብቶ ከነበልባሉ ወገን የምትመጣዋን ሳህን ይዳብስ። ጣሳውን ሲገዛ ጽሑፉን ያንብብ፦ ቡቴን ብቻ ከሆነ ለሐይቅ ዳር ነው፣ ፕሮፔን ወይም አይሶቡቴን የተቀላቀለበት ከሆነ ብርዱን የበለጠ ይችላል፤ ፕሮፔን እስከ -42፣ አይሶቡቴን እስከ -12 ዲግሪ ይተናል። ከዚያ ጣሳውን ገጥሞ፣ ሳይለኩስ፣ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባ። አረፋው ካበጠ ጎማዋ አልቃለች፤ ሻጩ የፈለገውን ቢምል ያንን ምድጃ አይውሰድ።