የሽጉጥ አፎት በትዕዛዝ የምታሠሩ ሁሉ ተጠንቀቁ

አሁን ከመርካቶ መመለሴ ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። ሳይበርድልኝ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ ነገ እተወዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

ሥራዬ ጥበቃ ነው። የምታጠቀው በፊርማ የተረከብኩትን ማካሮቭ የሚባል ሽጉጥ ነው። አብሮት የመጣው ባለ ክዳን አሮጌ አፎት ስፌቱ ተተርትሮ አልቋል። ገበያ ላይ ያለው የናይለን አፎት ደግሞ ለሁሉም ሽጉጥ ተብሎ የተሰፋ ስለሆነ ለአንዱም ልኩ አይደለም። ስለዚህ በቆዳ ላሠራ ወሰንኩ።

እንዲህ ያለውን ሻጭ ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ ያማሩ ፎቶዎች፣ "መቶ በመቶ የእጅ ሥራ"፣ "ዕድሜ ልክ ዋስትና"። ስትደውሉ "ጌታዬ" ነው። ቀብዱን በቴሌብር ስትልኩ "ደርሷል፣ ያክብርልን"። ከዚያ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ መብራት ጠፋ፣ ሠራተኛው ታመመ። ደረሰኝ ስትጠይቁ "በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨምራሉ"። የለመድነው ነው፣ ልለፈው።

ያሳየኝ ናሙና ግን እውነተኛ ሥራ ነበር። ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ የበሬ ቆዳ፣ ክሮም በሚባለው ኬሚካል ሳይሆን በእጽዋት የለፋ። እንዲህ ያለው ቆዳ ለብ ባለ ውሃ ይነከራል፤ ከዚያ እርጥብ እንዳለ በሽጉጡ ልክ በተሠራ ፎርማ ላይ ይጫናል። ባለሙያው በለሰለሰ አጥንት ዙሪያውን እያሸ የምላጩን ቀለበትና የሽጉጡን ጠርዝ አንድ በአንድ ያወጣል። እሳትም ፀሐይም ሳይነካው ቀስ ብሎ ይደርቃል። ሲደርቅ ቅርጹን እንደያዘ ይጠነክራል። ሽጉጡ ሲገባ ጠቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ሲወጣ የአፎቱ አፍ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። ስፌቱ በሰም በታሸ አንድ ክርና በሁለት መርፌ የተሰፋ ነበር። እንዲህ የተሰፋ አንዱ ጋ ቢበጠስ ሌላው አይተረተርም።

"የእርስዎም ልክ እንደዚህ ነው የሚሆነው" አለኝ። በ7,000 ብር ተስማማን። ግማሹን ቀብድ ሰጠሁ። ለማካሮቭ የሚሆን የእንጨት ፎርማ ማስጠረቢያ ብሎ 1,500 ብር ለብቻ አስከፈለኝ። ሽጉጤን ለማንም ትቼ መሄድ ስለማልችል እዚያው ቆሜ ልኩን አስለካሁ።

ዛሬ ሱቁ ውስጥ የሚሠራው ልጅ በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልኝ። ገና ስይዘው ደነገጥኩ። እንደ ካልሲ እጄ ላይ ታጠፈ። ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ ጣቴ ላይ ቀረ። ወደ ጓዳ ገብቼ ጥይት የሚይዘውን የሽጉጡን ካዝና አወጣሁ። የሽጉጡን የላይኛ ክፍል ወደ ኋላ ስቤም ጥይት አለመኖሩን በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ሽጉጡን አስገባሁት። አፈሙዙ ከታች ብቅ አለ። ከላይ የሚቆለፈው ማሰሪያ በትክክል ሴፍቲው ላይ፣ ማለትም ሽጉጡ እንዳይተኩስ የሚያግደው ማንሻ ላይ ያርፋል። ስቆልፈው ሴፍቲውን ወደ ታች ገፋው። ማካሮቭ የያዘ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሴፍቲው ከወረደ መሣሪያው ለመተኮስ ዝግጁ ነው።

ሳወጣው ደግሞ የአፎቱ አፍ ተጣበቀ። መልሼ ለማስገባት በግራ እጄ ጣት መክፈት ነበረብኝ። አፈሙዙን በገዛ ጣቴ ፊት ማሳለፍ ማለት ነው። ገፋ ሳደርገው ጠርዙ ታጥፎ ወደ ምላጩ ቀለበት ገባ። ጥይት ቢኖርበት ያ የታጠፈ ቆዳ ምላጩን ሊስበው ይችል ነበር። ከሥሩ ያለው ጭኔ ነው።

ጠርዙን ወደ መብራቱ አዞርኩት። ከቀለሙ ሥር ሰማያዊ የሚመስል ግራጫ ነው። በክሮም የለፋ ቆዳ ነው። ለጃኬት፣ ለቦርሳ፣ ለጫማ ጥሩ ነው፤ ነክራችሁ ብታደርቁት ግን እንደዚያኛው ቅርጽ አይይዝም። ወፍራም እንዲመስል በሁለት ስስ ቆዳ መሐል ካርቶን ከትተው በማስቲሽ አጣብቀውታል።

"ፎርማው የታለ?" አልኩት ልጁን። መጀመሪያ ባለቤቱን አየው፤ ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አወረደልኝ። የልጆች መጫወቻ ሽጉጥ! ፕላስቲክ! ማካሮቭም አይደለም፤ ከኔ ሽጉጥ ያጥራል፣ ይቀጥናልም። 1,500 ብር የከፈልኩበት እንጨት ይኸው ነው።

ባለቤቱ ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። "ፋዘር፣ ምን ጎደለው? ሽጉጥ ያው ሽጉጥ ነው" አለኝ። ናሙናውን አምጣ ስለው "እሱ የውጭ ዕቃ ነው፣ ለማሳያ ነው" አለ። የእጃችን ሥራ ነው ብሎ ያስያዘኝን ዕቃ! ገንዘቤን መልስ አልኩት። "ቀብድ አይመለስም። ካልፈለግህ ተወው፣ ለሌላ ዘበኛ እሸጠዋለሁ።" ሠራተኞቹ ሳቁ። ቀብድ ስሰጥ "እርስዎ" ሲለኝ የነበረ ሰው ነው። ዘበኛ ነኝ፤ ልጆቼን ያሳደግኩበት ሥራ ነው። የሚሳቅበት ነገር አላየሁም።

የሚያንገበግበኝ ግን ከገንዘቡም ከሳቁም ይበልጥ "ለሌላ እሸጠዋለሁ" ማለቱ ነው። ይሸጠዋልም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያንን ካርቶን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ከትቶበት የሌሊት ፈረቃ ይገባል። ጨለማ ውስጥ ሽጉጡን ሲመልስ ጠርዙ መታጠፉን አያይም።

የግድ የምታሠሩ ከሆነ ሳይሰፋ የቆዳውን ቁራጭ ጠይቁ፤ የተቆረጠው ጠርዝ እስከ መሐሉ ቡናማ መሆን አለበት። ለፎርማ ከከፈላችሁ ፎርማውን እዩ። ሽጉጡን ባዶ አድርጋችሁ አስገብታችሁ አውጡት፤ አፉ ከተጣበቀ ቀሪውን አትክፈሉ።

እኔ ደረሰኝ የለኝም፤ የቴሌብሩ መልእክት ግን አለኝ። እሱንና የመጫወቻውን ፎቶ ይዤ ነገ ወደ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። ከዚሁ ሰው አሠርታችሁ የተቃጠላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እንሂድ።